መንጋ ዓሦች በአዲስ አኳሪየም፦ ስንት? መቼ? እንዴት?

ዓሣ የሚዋኝበት የመስታወት ሳጥን፣ ማለትም አኳሪየም፣ ድሮ በትላልቅ ሆቴሎች እንግዳ መቀበያ ነበር የሚታየው። ዛሬ በክሊኒኮች፣ በካፌዎችና በመኖሪያ ቤት ሳሎኖች ውስጥ ማየት ብርቅ አይደለም። እኔም ቤቴ ውስጥ ዓሣ ማሳደግ ከጀመርኩ ዓመታት ስላለፉኝ አዲስ አኳሪየም የገዛ የሥራ ባልደረባም ሆነ ዘመድ ስልክ ሳይደውልልኝ አይቀርም። ጥያቄያቸውም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። «እነዚያን ትንንሾቹን፣ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያላቸውን፣ ተሰብስበው የሚሄዱትን ዓሦች ፈልጌ ነበር። ስንት ልግዛ? መቼስ ላስገባቸው?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን የሚያከብደው ሁለት ትክክለኛ ምክሮች እርስ በርስ መጣላታቸው ነው። አንደኛው ምክር «እነዚህ ዓሦች በመንጋ የሚኖሩ ናቸውና ሁለትና ሦስት አትግዛ፤ ቢያንስ ስድስት፣ ቢቻል አሥር ይሁኑ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «አዲስ አኳሪየም በአንድ ጊዜ ብዙ ዓሣ አይችልም፤ ጥቂት በጥቂት አስገባ» ይላል። የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ ሰው ዓሦቹን በመርዝ ይጨርሳቸዋል። ሁለተኛውን ብቻ የሰማ ደግሞ በድንጋጤ ያመነምናቸዋል። ሁለቱን ማስታረቅ ግን ይቻላል፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ወር ከመንፈቅ ያህል ትዕግሥት ነው።

በመጀመሪያ መርዙን እንመልከት። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ወዳጄ ባለፈው ዓመት ለልጁ ልደት ብሎ ቅዳሜ ዕለት አኳሪየም ገዛ። ማታውኑ ከቧንቧ ሞላው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሃያ ኒዮን ቴትራ በፌስታል ይዞ መጣ። ሦስት ቀን ያህል ቤቱ ደስታ በደስታ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። ሻጩን ቢጠይቀው «ውሃውን ሙሉ በሙሉ ቀይር፣ ማጣሪያውንም በደንብ እጠበው» አለው፤ እሱም የማጣሪያውን ስፖንጅ በሳሙና ሳይቀር አሽቶ አጠበ። በአሥረኛው ቀን ሲደውልልኝ በሕይወት የነበሩት አራት ናቸው። «ውሃው እንደ መስታወት ጥርት ብሎ እያየሁት ምን ገደላቸው?» ነበር ያለኝ።

ጥርት ያለ ውሃ ንጹሕ ውሃ ማለት አይደለም። ዓሣ ከሚበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጂን የሚያስወግደው በአብዛኛው አሞኒያ በተባለ ውሑድ መልክ፣ በመተንፈሻ ስንጥቡ በኩል ነው። የተረፈ ምግብና ዓይነ ምድርም ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። አሞኒያ ቀለም የለውም፣ ውሃውንም አያደፈርስም፤ ነገር ግን ስንጥቡን ይለበልባል። በወንዝና በሐይቅ ውስጥ በሰፊው ውሃ ተበትኖ ይጠፋል። በመቶ ሊትር ሳጥን ውስጥ ግን የሚሄድበት የለውም፤ ዓሦቹ በገዛ ቆሻሻቸው ይታጠናሉ።

ከዚህ የሚያድኗቸው በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች አሉ። አንደኞቹ ተሕዋስያን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም ቢሆን መርዝ ነው፤ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ዓሣው አየር በሞላበት ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ሁለተኞቹ ተሕዋስያን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ካልበዛ በስተቀር ብዙም አይጎዳም፤ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን በመቀየር ይወገዳል። እነዚህ ተሕዋስያን የሚኖሩት በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን በስፖንጁ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተለጥፈው ነው። ወዳጄ ስፖንጁን በሳሙና ሲያጥብ መብቀል የጀመሩትን ጥቂቶቹንም ጠርጎ ጣላቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለረጅም ጊዜ አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ብቻ እንደሆኑ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት ግን በብዙዎቹ የጨው አልባ አኳሪየሞች ማጣሪያ ውስጥ ዋነኞቹ ሠራተኞች አርኬያ የሚባሉ ሌላ ዓይነት ተሕዋስያን መሆናቸውን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከአሞኒያ እስከ ናይትሬት ያለውን ሥራ ብቻውን የሚጨርስ ባክቴሪያ መኖሩ ታወቀ። ለእኛ ለቤት ባለቤቶች የሚጠቅመው ቁም ነገር አንድ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ዘገምተኞች ናቸው። ምቹ ሁኔታ ያገኘ ተራ የአንጀት ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ሲሆን፣ እነሱ እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። ለዚህ ነው አዲስ አኳሪየም ለመብሰል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈልገው።

ነገሩ ከእርሾ ጋር ይመሳሰላል። አዲስ ጎጆ የወጣች ሴት እርሾ ከሌላት ዱቄቱን አብኩታ እስኪበላ ድረስ ቀናት ትጠብቃለች፤ ጎረቤት ሰላም ካላት ግን አንድ ኩባያ እርሾ ትለምንና በማግሥቱ ትጋግራለች። አኳሪየምም እንደዚያው ነው። ጤናማና የቆየ አኳሪየም ያለው ሰው ካወቁ የተጠቀመበትን ስፖንጅ ግማሹን ቆርጦ እንዲሰጥዎት ይለምኑት። ስፖንጁ በዚያው አኳሪየም ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሳይደርቅ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከእርስዎ ማጣሪያ መግባት አለበት። በዚህ መንገድ ስድስቱ ሳምንት ወደ አንድና ሁለት ሳምንት ሊያጥር ይችላል። ነገር ግን የሚለምኑት ሰው ዓሦቹ በሽታ የሌለባቸው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከእርሾው ጋር በሽታም ይመጣልና።

እርሾ የሚያበድር ጎረቤት ከሌለስ? ሳጥኑን ሞልተው፣ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን አስነስተው፣ ዓሣ ሳያስገቡ በየቀኑ በሁለት ጣት የተቆነጠረ የዓሣ ምግብ ይጨምራሉ። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል፤ ተሕዋስያኑም በእሱ ይራባሉ። የቤተሰቡ አባላት «ዓሣ በሌለበት ለማን ነው የምታበላው?» ብለው መሳቃቸው አይቀርም፤ ይሳቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ አሞኒያው ይወጣል፤ ከዚያ ናይትራይቱ ይከተላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ወደ ዜሮ ወርደው ናይትሬት ብቻ ይቀራል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ለጥቂት ቀናት ከቆዩ ሳጥኑ ሰው ሊቀመጥበት እንደሚችል ቤት ሆኗል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የውሃ መመርመሪያ ጠብታ ያስፈልጋል። እዚህ ካጡት ከውጭ የሚመጣ ዘመድዎ ሽቶና ቸኮላት ከሚያመጣልዎት ይህን እንዲያመጣ ይንገሩት፤ ሻንጣው ውስጥ የሚይዘው ቦታ ከአንድ ሽቶ ጠርሙስ ብዙም አይበልጥም።

አሁን ወደ መንጋው እንመለስ። ትናንሽ ዓሦች ተሰብስበው የሚሄዱት ለጌጥ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ግሪሳ ወፍ በማሳ ላይ ሲያንዣብብ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጭልፊት አንዷን ለይቶ ለመያዝ ይቸገራል። መደበቂያ በሌለበት ውሃ ውስጥ ለትንሽ ዓሣ መደበቂያው ጓደኛው ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዊሊያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ እያንዳንዱ እንስሳ በራሱና በአዳኙ መካከል ሌላ ሰው፣ ይቅርታ፣ ሌላ እንስሳ እንዲኖር መፈለጉ ብቻ መንጋ ለመፍጠር እንደሚበቃ አስረድቷል። ከዚህም ሌላ ብዙ ዓይን ምግብንም ጠላትንም ቶሎ ያያል።

እንዴትስ ሳይጋጩ አብረው ይዞራሉ? ዓይናቸውን ይጠቀማሉ፤ በተጨማሪም ከራሳቸው እስከ ጅራታቸው በጎናቸው የተዘረጋ፣ የውሃን ንቅናቄ የሚሰማ የስሜት መስመር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ተመራማሪዎች የኮድ ዘመድ በሆነ የባሕር ዓሣ ዓይኖች ላይ መሸፈኛ አድርገው ከመንጋ ጋር ቢለቁት፣ በዚህ የጎን መስመር ብቻ እየተመራ ከጓደኞቹ ጋር መዋኘት እንደቻለ አረጋግጠዋል። ይህንን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። መስታወቱን በጣት የሚያንኳኳ ልጅ በእኛ ጆሮ ላይ ከበሮ እንደሚመታ ያህል ነው የሚሆንባቸው።

አንድ ኒዮን ቴትራ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ወዲያው አይሞትም። ጥግ ይይዛል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ትንሽ ጥላ ባየ ቁጥር ይደነብራል፣ ምግብ ለመውሰድ ይፈራል፤ በፍርሃት የሚኖር ዓሣ ደግሞ በሽታን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ኒዮን ቴትራን ጨምሮ አራት በቤት የሚቀመጡ የዓሣ ዓይነቶችን አንድ፣ ሁለት፣ አምስትና አሥር እያደረገ አነጻጽሮ ነበር። በጥቅሉ ሲታይ ቁጥራቸው ከፍ ባለበት የመንጋ ጠባያቸው ይጎላል፣ መባላታቸውና መደንበራቸው ይቀንሳል። ስለዚህ «ቢያንስ ስድስት» የሚለው የተለመደ ምክር ዝቅተኛው ወለል እንጂ ግብ መሆን የለበትም። እኔ ከስምንት በታች ኒዮን ለማንም አልመክርም።

በአገራችን የማየው ትልቁ ስሕተት ግን የኖኅ መርከብ አገዛዝ ነው። ሰው ሱቅ ይገባና ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ይመርጣል፤ ሁለት ኒዮን፣ ሁለት ባለ መስመር ዳኒዮ፣ ሁለት ታይገር ባርብ፣ ሁለት ኤንጀልፊሽ። በቁጥር ስምንት ናቸው፤ በመንጋ ሲቆጠሩ ግን ዜሮ። ዳኒዮ ኒዮንን እንደ ወገኑ አይቆጥርም። ታይገር ባርብ በቁጥር ሲበዛ ጠቡን ከራሱ ወገኖች ጋር ያደርጋል፤ ሁለት ብቻ ሲሆን ግን የሌሎቹን ክንፍ ይቆርጣል። ኤንጀልፊሽ ደግሞ ሲያድግ ኒዮኑን እራት ያደርገዋል። ለስምንት ዓሣ የሚሆን ገንዘብ ካለዎት ስምንቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ዓይነቱን ስንመርጥ የአዲስ አበባን አየር ማሰብ ግድ ይላል። ኒዮን ቴትራ በአማዞን ተፋሰስ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ዓሣ ነው፤ ዛሬ በገበያ ያለው በአብዛኛው በእርባታ የተፈለፈለ ነው። ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይስማማዋል። በክረምት ሌሊት ብዙዎቻችን ሳሎን ከዚህ እጅግ ዝቅ ስለሚል ያለ ማሞቂያ አይሞከርም። ማሞቂያ መግዛት የማይፈልግ ሰው ኋይት ክላውድ የሚባለውን ከደቡብ ቻይና የመጣ ትንሽ ዓሣ ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ እስከ 16 ዲግሪ ድረስ ቅዝቃዜን ይችላል። የተገኘው በጓንግዡ አቅራቢያ ባለ ነጭ ደመና በሚባል ተራራ ሲሆን፣ ሳይንሳዊ የወገን ስሙ ባገኘው የቦይ ስካውት መሪ ስም የተሰየመ ነው። ባለ መስመር ዳኒዮም ጠንካራ ነው። በነገራችን ላይ ይህ በርካሽ የሚሸጠው ዓሣ በዓለም ላብራቶሪዎች ከአይጥ ቀጥሎ ከሚጠኑት እንስሳት አንዱ ሆኗል፤ ሙሉ የዘር ካርታውም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ለአዲስ ጀማሪ የመጀመሪያ መንጋ ይሁን ብል የምመርጠው እሱን ነው፤ ብዙ ስለሚሮጥ ግን ቁመቱ ሳይሆን ርዝመቱ የበዛ ሳጥን ይፈልጋል። 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ወርድና 40 ከፍታ ያለው ሳጥን 112 ሊትር ይይዛል፤ ጠጠሩን ቀንሰን መቶ ሊትር ገደማ ውሃ ማለት ነው። ውሃው ብቻውን መቶ ኪሎ ስለሚመዝን በቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ እንዳያስቀምጡት።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እኛ ዘንድ ከ6 ብዙም አይበልጥም። በውጭ መጻሕፍት ላይ «መቶ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይችላል» የሚለው ሒሳብ የተሠራው ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው። እኛ ከዚያ ሩቡን ቀንሰን ማሰብ ይኖርብናል፤ የማጣሪያው ውሃ ሲወጣ ገጹን እንዲያናውጥ ማድረግ ወይም አረፋ የሚነፋ ፓምፕ መጨመርም ይረዳል። ሯጮቻችን ከፍታውን ቢወዱትም ዓሣ አይወደውም።

የቧንቧ ውሃም ክሎሪን አለው። ክሎሪን ዓሣውንም ተሕዋስያኑንም ይገድላል። ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ሞልቶ፣ ሳይከድኑ አንድ ቀን ማሳደር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ የክሎሪን ማጥፊያ ፈሳሽ ካገኙ ደግሞ ሥራው በደቂቃ ያልቃል። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ደፍራሽ ውሃ ለአኳሪየም አይጠቀሙ። ሮቶ ያለው ሰው ከሮቶው መቅዳት ይችላል። ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ ግን ማዕድን ስለሚበዛው ፒኤቹ ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህም ከአሞኒያው ጋር ይያያዛል። በ25 ዲግሪ ሙቀትና በፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በፒኤች 8 ግን ከ5 በመቶ ያልፋል። አንዱ ሰፈር ያለ ሰው ያለችግር ያሳለፈውን ሌላው ሰፈር ያለው በሦስት ቀን ዓሣ የሚጨርስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መብራትስ ሲጠፋ? ማጣሪያው ሲቆም በስፖንጁ ላይ ያሉት ተሕዋስያን ኦክስጅን ያጣሉ። ለአንድና ሁለት ሰዓት ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ስፖንጁን ከታፈነው የማጣሪያ ሳጥን አውጥተው በአኳሪየሙ ውስጥ ክፍት አድርገው ያስቀምጡት፤ በባትሪ የሚሠራ የአረፋ ፓምፕ ካለ ያስነሱ፤ ዓሦቹን አይመግቡ። ሌሊት ከሆነ የሳጥኑን ጎኖች በጋቢ መሸፈን ይቻላል፤ መቶ ሊትር ውሃ በቀላሉ አይቀዘቅዝም። ከላይ ግን አየር ማስገቢያ ይተዉ። መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ ማሞቂያውን ነቅሎ ቆይቶ መሰካት ወይም በስታቢላይዘር ማለፍ ይሻላል።

እንግዲህ ሁለቱን ምክሮች እናስታርቅ። በደንብ የበሰለ ሳጥን ውስጥ የመጀመሪያው መንጋ ሙሉውን፣ በአንድ ቀን መግባት አለበት ባይ ነኝ። ስምንት ወይም አሥር ኒዮን፣ ወይም ስምንት ዳኒዮ። በየሳምንቱ ሦስት ሦስት እያሉ ማስገባትን የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሳምንቱን በፍርሃት ያሳልፉታል። ሁለተኛ፣ ተሕዋስያኑ ቁጥራቸውን የሚያስተካክሉት ከሚያገኙት አሞኒያ ጋር ስለሆነ ለሦስት ዓሣ የለመደው ማጣሪያ ለአሥር ሲሆን እንደገና ይቸገራል። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ወደ ሱቅ ሦስት ጊዜ መሄድ ማለት በሽታን ሦስት ጊዜ መጋበዝ ነው። ሌላ ዓይነት መንጋ የሚጨምሩ ከሆነ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቁ፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ላይ መሆናቸውንም ይለኩ።

ልጁ እያለቀሰበት፣ ስድስት ሳምንት አልጠብቅም ለሚል አባት የማቀርበው የመጨረሻ አማራጭ አለኝ። ስድስት ዳኒዮ፣ ከስድስት አንድም ሳይበልጥ። በሁለት ቀን አንዴ ብቻ ትንሽ መመገብ፣ በየቀኑ መለካት፣ አሞኒያ ወይም ናይትራይት በታየ ቁጥር ከውሃው ሲሶውን መቀየር። ይህን ለአንድ ወር ያህል ሳያቋርጡ ማድረግ የሚችል ሰው ዓሦቹን ሊያተርፍ ይችላል። ኒዮን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የማስገቢያው ቀን ሲደርስ ከሱቅ የሚወጡትን ዓሦች ቀድመው ይመልከቱ። ከመንጋው ተለይቶ የሚውል፣ ሆዱ የጎደጎደ፣ ቀለሙ በቁራጭ ቁራጭ የገረጣ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ካለ ጤነኛ የሚመስሉትንም ከዚያ ሳጥን አይግዙ፤ ውሃቸው አንድ ነውና። ሻጩ በመረብ ሲይዛቸውም ልብ ይበሉ። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ፣ ኋላ በ1973 በንብ ጥናታቸው የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የአንድ ትንሽ ዓሣ ቆዳ ሲቆስል ወደ ውሃው የሚወጣው ንጥረ ነገር መላውን መንጋ እንደሚያስደነብር አሳይተዋል። ቴትራዎችና ዳኒዮዎችም ይህ የማስጠንቀቂያ ሽታ አላቸው። በሻካራ መረብ አንዱን ማቁሰል ሁሉንም ማሸበር ነው። ለስላሳ መረብ ወይም ጆግ ይሻላል።

ቤት ሲደርሱ የአኳሪየሙን መብራት ያጥፉ። የታሰረውን ፌስታል ለ15 ወይም 20 ደቂቃ በውሃው ላይ ያንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከላል። ከዚያ ፌስታሉን ከፍተው በየአምስት ደቂቃው ከአኳሪየሙ በግማሽ ኩባያ እየቀዱ ይጨምሩበት። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ዓሦቹን ብቻ ወደ ሳጥኑ ያሻግሩ፤ የፌስታሉ ውሃ ወደ ፍሳሽ ይደፋ። ከከተማ ወደ ከተማ ብዙ ሰዓት በፌስታል ለተጓዘ ዓሣ ግን ይህ ዝግታ ይጎዳል። ታፍኖ በቆየው ፌስታል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠራቀም ፒኤቹ ይወርዳል፤ የተጠራቀመውም አሞኒያ በዚሁ ምክንያት ከነመርዙ ተኝቶ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈትና አየር ሲያገኝ ፒኤቹ ይወጣል፣ አሞኒያውም ይነቃል። ስለዚህ ሳይከፍቱ ሙቀቱን አስተካክሎ፣ ከፍቶ ወዲያው ማሻገር ነው ያለው።

በመጀመሪያው ቀን ምግብ አይስጡ። ዓሦቹ አንድ ላይ ተጣብቀው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው፣ እንደ ወታደር ሰልፍ ሲሄዱ ያያሉ። ቤተሰቡ በዚህ ይደሰታል፤ ነገሩ ግን የፍርሃት ምልክት ነው። ከሳምንት በኋላ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ዓሦቹ በአንድ አካባቢ ሆነው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጉዳይ ይይዛሉ። «መንጋነታቸውን ተዉ፣ ታመሙ እንዴ?» ብለው የሚደውሉልኝ ብዙ ናቸው። አልታመሙም፣ ቤቱን ለመዱት እንጂ። አንድ አደገኛ ነገር ሲመጣ፣ ለምሳሌ እጅዎን ሲያስገቡ፣ ሰልፉ በሰከንድ ውስጥ ተመልሶ ይሠራል። ሊያሳስብዎ የሚገባው የሁሉም መበታተን ሳይሆን የአንዱ መለየት ነው። ዘጠኙ በአንድ ወገን ሆነው አንዱ በሌላ ጥግ ከዋለ ያን ዓሣ ይከታተሉት፤ የኒዮን በሽታ የሚባለውና መድኃኒት የማይገኝለት ጥገኛ ተሕዋስ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ሌሊት ውሃ ሊጠጣ የተነሣ ሰው መብራት ቢያበራ ኒዮኖቹ ገርጥተው፣ ያ የሚያበራ ሰማያዊ መስመራቸው ደብዝዞ ያገኛቸዋል። ይህ ጤነኛ ነው። በጨለማ ቀለማቸውን ይቀንሳሉ፤ ብርሃን ሲያገኙ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል።

በደንብ የተያዘ ኒዮን አምስት ዓመት ገደማ ሊኖር ስለሚችል መንጋው አንድ አንድ እያለ የሚሳሳበት ጊዜ ይመጣል። ከስድስት በታች ሲወርዱ አዲስ መጨመር ያስፈልጋል። አዲሶቹ ግን በቀጥታ ከአሮጌዎቹ ጋር መቀላቀል የለባቸውም። ከዋናው ማጣሪያ የተቆረጠ ስፖንጅ የገባበት ሃያ ሊትር ሳጥን ወይም ንጹሕ ባልዲ ውስጥ፣ በማሞቂያና በአረፋ ፓምፕ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለብቻቸው ይቆዩ። ቀይረው የሚደፉት ውሃ፣ ስፖንጅ የሚያጥቡበት ባልዲና መረቡ ከዋናው አኳሪየም ዕቃ ጋር አይቀላቀል።